የጠፋው ስም ልክ

ጤናዬ ማስረሻ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምን እንደምታጠና የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቅ ነበር።

«የጥንት ግሪክኛና ላቲን» ትላለች።

«የሞቱትን ቋንቋዎች?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማንን ልታናግሪበት?»

እንግሊዝኛ በምታስተምርበት የአዳማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ይህ ጨዋታ ሁለት ዓመት ሙሉ አላረጀም። ያልሳቁባት እናቷ ወይዘሮ መሰለች ብቻ ናቸው። ወንጂ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «የሞተ ቋንቋ ይሻላል ልጄ፤ ቢያንስ ሰውን ከሰው አያጣላም» አሏት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ካርቶን ነው። ጤናዬ ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ መጻሕፍትን እንድትለይ ቤተ መጻሕፍት ተመደበች። ከማይፈለጉት ጋር ሊጣል የተቀመጠ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የግሪክኛ ሰዋስው እጇ ገባ። ልትጥለው ስታነሳው ተከፈተ። ፊደሎቹን ከሰንጠረዡ ጋር እያስተያየች አንዱን ቃል እንደ ሕፃን ቆጥራ አነበበችው። ከአፏ የወጣው «ወንጌል» ነበር፤ ትንሽ የተለወጠ፣ ግን ያለ ጥርጥር ወንጌል። ቀጠለች። «ጳጳስ»። «መነኩሴ»። ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ስትሰማቸው የኖረቻቸው ቃላት ባሕር ተሻግረው የመጡ እንግዶች ኖረዋል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል መግባቷን ረስታ ቀረች።

በኋላ ላቲኑም ሲመጣ እንደዚያው ሆነ። አባቷ በስኳር ፋብሪካው የአገዳ መጭመቂያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ በየቀኑ የሚጠሩት «መኪና»፣ ከሰፈሩ ሱቅ በኪሎ የሚገዛው የዳቦ ዱቄት «ፉርኖ»፣ ከሮማውያን አፍ ወጥቶ በጣልያን በኩል ወንጂ ድረስ ዘልቋል። ሩቅ ናቸው ያለቻቸውን ቋንቋዎች ቤቷ ውስጥ ወንበር ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

አምስት ዓመት ብቻዋን ተማረች። ከዚያ ስኮትላንድ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በርቀት በሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት፣ ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥቶ ተቀበላት። ክፍሉ በዙም ነው። ስድስት ተማሪዎች ናቸው፤ አምስቱ የሚኖሩት የግሪክ ድንጋይና የላቲን ብራና በአውቶቡስ ሄደው በሚያዩበት ከተማ ነው። ጤናዬ የምትኖረው አዳማ ከፍራንኮ ሰፈር ወረድ ብሎ፣ አከራይዋ አዴ ኦብሴ ግቢ ውስጥ በተከራየችው አንድ ክፍል ነው።

ላቲኑ ቀለላት። ግሪክኛውም በወረቀት ላይ ቀለላት። ያቃታት ግጥሙን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። የጥንት ግሪኮች ግጥም እንደኛ ቤት አይመታም። እኛ ስንኙን በመጨረሻው ፊደል እናስረዋለን፤ እነሱ የሚያስሩት በርዝመት ነው። አንዱ ቀለም፣ ማለትም አንዱ የቃሉ ድምፅ፣ አጭር ነው፤ ሌላው ረጅም፤ ረጅሙ የአጭሩን እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፤ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር እያለ መስመሩ እንደ ሰጋር በቅሎ ይረግጣል። ጤናዬ ሕጉን በቃሏ ይዛዋለች። የትኛው ቀለም ረጅም እንደሆነ ምልክት አድርጊ ቢሏት አንዱንም አትስትም። አፏን ስትከፍት ግን ሁሉም እኩል ይሆንባታል።

«ጤናዬ» አለቻት አንድ ቀን መምህሯ ዶክተር ሜሪ፣ በዕድሜ እምብዛም የማትበልጣት፣ ነገር የማታድበሰብስ ሴት፣ «ወረቀትሽ ላይ እንከን የለም። ስታነቢው ግን ሚስማር የምትመቺ ይመስላል፤ ሁሉም እኩል። ጆሮሽ አልሰማውም ማለት ነው። ጆሮሽ ያልሰማውን ግጥም ደግሞ ልትሞይው አትችይም።»

መሙላት ያለችው ስለ መመረቂያ ጽሑፏ ነው። ጤናዬ የመረጠችው ከአንድ የጥንት ወደብ ፍርስራሽ የወጣ የመቃብር ድንጋይ ነው። የንጉሥ አይደለም፤ የጦር አለቃም አይደለም። አንዲት እናት ለልጇ ያስቀረጸችው አራት መስመር ግጥም ነው። የመጀመሪያው መስመር፣ መንገደኛ ሆይ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ገና አሁን ነው የተኛችው፣ ይላል። ሁለተኛው፣ አራት የወይን ለቀማ አየች፤ አምስተኛውን እኔ ብቻዬን ለቀምሁ፣ ይላል። ሦስተኛው «እዚህ» ብሎ ይጀምርና ድንጋዩ ተሸርፏል፤ መጨረሻው ላይ «ተኝታለች» የሚለው ብቻ ተርፏል። አራተኛው፣ እናቷ ነኝ፤ ከዚህ ሌላ የምሰጣት ቤት አልነበረኝም፣ ይላል።

የተሸረፈው ቦታ ላይ የልጅቷ ስም ነበረ። ድንጋዩ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት ሊቃውንት ሦስት የተለያየ ስም ገምተው ሞልተውታል። የጤናዬ ሥራ ከሦስቱ አንዱን መርጣ ምክንያቷን ማስረዳት ነበር። በመጨረሻም በፈተናው ቀን፣ በመርማሪዎች ፊት፣ ግጥሙን ጮክ ብላ ማንበብ አለባት።

ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ዶክተር ሜሪ ቀድታ የላከችላትን ንባብ በስልኳ ከፍታ ትሰማለች፤ ከዚያ ራሷ ትሞክራለች። ማዶ ለማዶ አዴ ኦብሴ ከአቦምሳ የመጣ ሽንኩርት ከጆንያ እያፈሰሱ ትልቁን ከትንሹ፣ ደህናውን ከተበላሸው ይለያሉ። አዴ ኦብሴ ወደ ሰባዎቹ ያሉ፣ ወለንጪቲ አጠገብ ካለ ገጠር የመጡ ሴት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። አማርኛ የሚናገሩት ኦሮምኛ እየጨመሩበት ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳይሉ ሰሙ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እጃቸው ሽንኩርቱ ላይ ቆመ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ሴትዮዋ እንደሱ አላለችም።»

«የትኛዋ ሴትዮ አዴ?»

«ስልክሽ ውስጥ ያለችው ፈረንጅ። እሷ እዚህ ጋ ትቆያለች፤ አንቺ ትሮጫለሽ። እሷ እዚህ ጋ ትሮጣለች፤ አንቺ ደግሞ ትጎተቻለሽ።» ከዚያም የመጀመሪያውን መስመር፣ ከፊቱ እስከ ኋላው፣ ግሪክኛውን፣ አሉት።

ጤናዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረጅሙ ረጅም ነው፤ አጭሩ አጭር ነው። በቅሎዋ ትረግጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሳድደው ያመለጣት ነገር ሽንኩርት ከሚለዩ ባልቴት አፍ ያለ ምንም ድካም ወጣ።

«አዴ፣ እንዴት አወቁት?»

«ምኑን? የሰማሁትን አልኩ እንጂ።» ገርሟቸው አዩዋት። «አንቺ አይሰማሽም?»

«አይሰማኝም።»

አዴ ኦብሴ ወደሷ ዞረው ተቀመጡ። «ቦና በዪ።»

«ቦና።»

«በጋ ማለት ነው። ዝናብ የሌለበት። አሁን ደግሞ ይኸን ስሚ። ቦ—ና።» ከንፈራቸው «ቦ» ላይ እንደ እርካብ ተንጠለጠለ። «ኩራት ማለት ነው። ስትጽፊያቸው አንድ ናቸው አይደል?»

«በኛ ፊደል አንድ ናቸው።»

«ለኛ ግን አንድ አይደሉም። በጋ ነው ብዬ ኩራት ብል ሰው ይስቅብኛል።»

ጤናዬ በኦሮምኛ መሀል ተወልዳ በኦሮምኛ መሀል ያደገች ልጅ ናት። ገበያ ታወራበታለች፤ ሰላምታ ትሰጥበታለች፤ ባጃጅ ውስጥ ትስቅበታለች። በጋውንና ኩራቱን ግን ሰው ከተናገረበት ነገር ትገምተው ነበር እንጂ በጆሮዋ ለይታው አታውቅም። የሞተውን ቋንቋ ድምፅ በባሕር ማዶ ስትፈልግ፣ ሕያው ሆኖ ከአጥሯ ውስጥ ሽንኩርት ይለይ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ግን ለሷ የተባለ መሰላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዋ አዴ ኦብሴ ሆኑ። ጤናዬ መስመሩን ታነባለች፤ አዴ ኦብሴ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ ረጅም ሲሆን መዳፋቸው እዚያው ያርፋል፣ አጭር ሲሆን ይነሳል። ስትስት «ኧረ ተይ!» ይሏታል። ከአማርኛዋ ያመጣችው አንድ ነገር ብቻ ጠቀማት። ልደት የሆነውን «ገና» እና ያልደረሰ ነገር የሚባልበትን «ገና» ማንም አማርኛ ተናጋሪ አጥብቆና አላልቶ ይለያቸዋል፤ በፊደል ግን አንድ ናቸው። በግሪክኛውም ፊደል ጠብቆ ሲነበብ ከፊቱ ያለው ቀለም ረጅም ይሆናል። ይህን ጆሮዋ ያውቀዋል። እንግዲህ ግማሹን ጆሮ ከእናቷ ቤት አግኝታዋለች፤ የቀረውን ግማሽ ሊሰጧት የተቀመጡት አዴ ኦብሴ ናቸው። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ መስመሩ በአፏ ውስጥ ተነሥቶ ሄደ። ራሷን ሰምታ ደነገጠች። ያን ግጥም ያስቀረጸችው ሴት ትንፋሽ በሷ ጉሮሮ ውስጥ ያለፈ ያህል ጠጉሯ ቆመ።

«አሁን አልሽው» አሉ አዴ ኦብሴ፣ በዝግታ።

«ከየት ተማሩት ይኸን መምታት?» አለቻቸው ጤናዬ።

«አልቃሽ ነበርኩ እኮ። በወለንጪቲ ዙሪያ ሰው ሲሞት ከየቀበሌው እኔን ነበር የሚጠሩኝ። ለቅሶ ልክ አለው። ልኩ ከጠፋ ሰው አያለቅስም፤ ይረበሻል እንጂ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ተውኩት» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ሦስቱን ስሞች መሞከር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጤናዬ ሦስተኛውን መስመር በመጀመሪያው ሊቅ ስም ሞልታ አነበበች። በቁጥር ልክ ነው፤ አንድ ቀለም አልጎደለም። አዴ ኦብሴ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ሴትዮዋ የት ተነፈሰች?»

«ማለት?»

«በሌሎቹ መስመሮች ሁሉ መሀል ላይ ትንሽ ትንፋሽ ትወስዳለች። ቃል ያልቃል፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ትቀጥላለች። አልቃሽ እንደሱ ነው። እዚህ ጋ ስሙ መሀሉን ውጦታል። ይቺ ሴት ታፍናለች።»

ጤናዬ ላፕቶፗን ጎትታ ሕጉን አየች። ሕጉ እዚያው አለ፤ ራሷም ፈተና ላይ ጽፋው ታውቃለች፤ በመስመሩ መሀል ቃል የሚያልቅበት፣ ድምፅ የሚያርፍበት ቦታ መኖር አለበት። ሁለተኛውን ስም ሞከረች። እሱም ትንፋሹን ውጦ አለፈ። ሦስተኛው ትንፋሹን አልነካም፤ ነገር ግን የድንጋዩ ፎቶግራፍ ላይ የተሸረፈውን ቦታ ስትለካው ለፊደሎቹ ጠበባቸው። ሦስቱም ወደቁ። በወረቀቷ ላይ «እዚህ» ከሚለው ቃል እስከ ትንፋሹ ድረስ የቀረውን ልክ አሰመረች። አራት ቀለም ነው፤ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም።

አዴ ኦብሴ ከወረቀቱ ላይ አራቱን ምልክቶች በጣታቸው ነኳቸው። «ይኸ ምንድን ነው?»

እስከዚያን ቀን ድረስ የግጥሙን ትርጉም ጠይቀው አያውቁም ነበር። ጤናዬ መስመር በመስመር ነገረቻቸው፤ እንቅልፏን፣ አራቱን የወይን ለቀማ፣ ቤቱን። ከዚያም፣ «ይኸ የልጅቷ ስም የነበረበት ነው። ስሙ ጠፍቷል። ግጥሙ ግን ልኩን ይዞታል። ስሟ ምን እንደነበር አናውቅም፤ እናቷ ስትጠራት አፏ የት እንደቆየ፣ የት እንደፈጠነ ግን እናውቃለን» አለቻቸው።

የአዳማ ነፋስ የሽንኩርቱን ልጣጭ ከግቢው ጥግ ጥግ እያንከባለለ ወሰደው፤ አዴ ኦብሴ አልተነሡም።

«ስንት ዓመቱ ነው ይኸ?»

«ሁለት ሺህ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።»

«ያ ዋቅ» አሉ። ደግመውም «ያ ዋቅ» አሉ፤ አምላኬ ሆይ ማለታቸው ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «የኔዋም አራት ዓመቷ ነበር። ወባ ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ ሳለቅስ ኖሬ ለሷ ድምፄ ጠፋ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ሌላ ሰው አለቀሰላት። ከዚያ ወዲህ ነው የተውኩት» አሉ።

ጤናዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሎሚ ነበር ስሟ» አሉ አዴ ኦብሴ። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ ግሪክኛውን መስመር ከመጀመሪያው ጀመሩ። «እዚህ» የሚለውን አሉ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ «ሎ—ሚ—» አሉ። መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ሁለት ጊዜ አረፈና አየር ላይ ቀረ። የሚሞላው ገና ነበር።

ፈገግ አሉ። ጤናዬ እንደዚያ ያለ ፈገግታ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም።

«አልሞላችውም» አሉ። «የኔዋ አይደለችም። የሌላ ሰው ልጅ ናት።» ወረቀቱን በክብር፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው፣ በሁለት እጃቸው መለሱላት። «የሷ ስሟ ጠፍቶ ልኳ ቀረ። የኔዋ መቃብሯ ጠፍቶ ስሟ ቀረ።»

ጤናዬ ያን ሳምንት መመረቂያ ጽሑፏን ከመሀሉ አፍርሳ እንደገና ጻፈችው። ሦስቱንም ስሞች ለምን እንዳልተቀበለች አስረዳች። በእነሱ ቦታ ምንም ስም አላስገባችም፤ አራቱን ምልክቶች ብቻ አኖረች። ዶክተር ሜሪ ስታነበው፣ «ደፋር ነሽ። መርማሪው ይኸን ድንጋይ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው። ተዘጋጂ» ብላ ጻፈችላት።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ከመብራቱ ጋር ኢንተርኔቱም ተከትሎት ሄደ። ጤናዬ ስልኳን ወደ ሰማይ አንሥታ ግቢውን ዞረች። አዴ ኦብሴ ግን ጊዜ አላጠፉም። የእህታቸው ልጅ ጆቴ ሞጆ ላይ ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ነው፤ ከደረቅ ወደቡ አጠገብ ቢሮ አለው፤ ቢሮው ጄኔሬተርም ጥሩ የኢንተርኔት መስመርም አለው። ደወሉለት። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ጆቴ መኪናውን ይዞ ደጃፍ ላይ ደረሰ። አዴ ኦብሴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ገቡ።

«እርስዎም ይመጣሉ?» አለች ጤናዬ።

«አስተማሪ ተማሪዋን ለፈተና ብቻዋን ትልካለች?» አሉ።

የጆቴ ቢሮ በኮንቴይነር ወረቀትና በማኅተም የተሞላ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ከጅቡቲ የመጡ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ጆቴ ጠረጴዛውን ጠርጎ ለቀቀላት፤ ጸሐፊው ስልኩን አጠፋ፤ ውጭ ቆመው ወረቀት ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሹፌሮች «ፈተና ነው» ሲባሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በመስኮቱ ተደገፉ። አዴ ኦብሴ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ስክሪኑ ላይ ዶክተር ሜሪ ወጣች፤ ከጎኗ በሌላ ሳጥን ውስጥ ነጭ ጠጉራቸው የተንጨባረረ ሽማግሌ ፕሮፌሰር። አርባ ደቂቃ ጠየቋት። ስለ ፊደሎቹ ቅርጽ፣ ስለ ድንጋዩ ዘመን፣ በላቲን ስለተጻፉ ተመሳሳይ መቃብሮች። መለሰች። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ፊት አጎነበሱ።

«መቶ ዓመት ሰው ሲሞላው የኖረውን ቦታ ባዶ ትተሽዋል። አንደኛውን ስም ያቀረበው የኔ መምህር ነው። ለምን ባዶ?»

ጤናዬ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «ባዶ አይደለም» አለች። «ልኩ አለ። ከልኩ በላይ የማውቀው ነገር የለም። ያልሆነ ስም ብሰጣት እናቷ በሌላ ሰው ልጅ ስም የምታለቅስ ይሆናል።»

«አንብቢው።»

አነበበች። ውጭ ያለውን ሞተርም፣ ፍርሃቷንም ረሳች። መስመሩ ረገጠ፤ በየመሀሉ ተነፈሰ። ስትጨርስ ዶክተር ሜሪ አገጯን በእጇ ደግፋ ዐይኗን ጨፍና ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከአውሮፓ ተማሪዎች እንኳ እንዲህ የሚያነብ አልሰማሁም። ማን ነው ያስተማረሽ?»

ጤናዬ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ወደ ጥጉ አዞረችው። «አዴ ኦብሴ ናቸው» አለች። «ግሪክኛ አያውቁም። ግጥሙን ግን ያውቁታል።» ለአዴ ኦብሴም በአማርኛ፣ «ግጥሙን እንዲሉላቸው እየጠየቁ ነው» አለቻቸው፤ ሽማግሌው ገና አልጠየቁም ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠይቆ ነበር።

አዴ ኦብሴ አልተግደረደሩም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አስተካክለው ተነሡ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ላይ «እዚህ» የሚለውን አሉና ቆሙ። ድምፃቸው ቆመ እንጂ ግጥሙ አልቆመም። መዳፋቸው ደረታቸው ላይ አረፈ፤ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተነሣ፤ ደግሞ አረፈ። ትንፋሽ ወሰዱ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከጓሮ ያለው ጄኔሬተር ብቻ ተሰማ። ስም የሌላት ልጅ፣ ከአራት ቀለም ያልበለጠች፣ በሞጆ ቢሮ መሀል ቆማ አለፈች። ከዚያ እስከ መጨረሻው ተወጡት።

ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ቋንቋው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። ሰው መሞቱ ገብቶታል።

«አርባ ዓመት ይኸን ግጥም አስተምሬዋለሁ» አሉ በመጨረሻ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «ዝምታው ስንት ቀለም እንደሆነ የሰማሁት ዛሬ ነው። እባክሽን ለእመቤቲቱ አመሰግናለሁ በይልኝ። የመምህሬን ስም ደግሞ ሰርዢው።»

ማለፏን ከአንድ ሰዓት በኋላ በኢሜይል ነገሯት፤ ከሁሉ በላይ በሆነ ማዕረግ። ጆቴ ለሹፌሮቹ ሁሉ ሚሪንዳ አስመጣ። እናቷ በስልክ እልልታውን ሲያቀልጡት የወንጂ ጎረቤት ተሰበሰበ።

ወደ አዳማ ሲመለሱ አዴ ኦብሴ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያዩ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ጆቴ ወደ ፍራንኮ ሊታጠፍ ሲል ትከሻውን ነኩት።

«ቀጥ በል። ወለንጪቲ።»

ጆቴ በመስታወቱ አያቸውና መንገዱን ቀጠለ።

ከወለንጪቲ ትንሽ አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ ወርደው በእግር ሄዱ። ቦታው ጤፉ የታጨደበት ማሳ ነው፤ ጥግ ላይ ሁለት ግራር ቆመዋል። ድንጋይ የለም፤ ጉብታ የለም፤ ምልክት የሚባል ነገር የለም። አዴ ኦብሴ ግራሮቹን አይተው፣ ጥቂት ወደ ግራ ሄዱ፤ ተመልሰው ጥቂት ወደ ቀኝ መጡ፤ ከዚያ «እዚህ አካባቢ ነው» አሉና ቆሙ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

ከዚያ በኦሮምኛ ጀመሩ። ከአርባ ዓመት በላይ የታፈነ ድምፅ መጀመሪያ ሻካራ ሆኖ ወጣ፤ ቀስ እያለ ግን ልኩን አገኘ። ጤናዬ ቃሉን ሁሉ አልያዘችውም። ረጅሙን ግን ሰማች። አጭሩን ሰማች። አልቃሿ መሀል ላይ የምትተነፍስበትን ቦታ፣ ሳይደርስ አስቀድማ አወቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችውን ቋንቋ በዚያ ማሳ ላይ ገና የመጀመሪያ ቀን የሰማችው ያህል ሆነ፤ እንደ ግሪክኛው ጥንታዊ፣ እንደ ግሪክኛው የተለካ፣ ከዚያ ደግሞ የሞቀ፣ ከፊቷ ካለች ሴት ደረት የሚወጣ። ስሙ በመጣ ቁጥር፣ ሎሚ፣ ሎሚ፣ ድምፁ ሁለት ጊዜ አርፎ ያልፋል። አንዴም አልጎደለም፤ አንዴም አልተረፈም። ጆቴ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጤናዬ እንባዋን አልጠረገችም፤ እጇን ብታንቀሳቅስ አንድ ቀለም የምታጠፋ መሰላት።

ሲጨርሱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። አዴ ኦብሴ ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ፤ ከቀሚሳቸው ጫፍ የጤፍ ገለባ አራገፉ።

«በሉ እንሂድ» አሉ። «ጆቴ ሥራ ፈቶ ነው የዋለው።»